በቤት ኮምፒውተር የሚጻፉ የድምፅ ሲዲዎች ለምን እምቢ ይላሉ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

በደብረ ብርሃን ከተማ ኮምፒውተርና የድምፅ መሣሪያ በመጠገን የምተዳደር የጋዜጣችሁ አንባቢ ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በሥራ ቦታዬ ከሁሉም አብዝቼ የምሰማው አቤቱታ ነው፤ ይኸውም «ኮምፒውተሩ ጨርሻለሁ ብሎ ያወጣልኝ ሲዲ ቴፑ ላይ አይጫወትም» የሚል ነው። አቤት ባዩ አብዛኛውን ጊዜ ፍርዱንም አብሮ ይዞ ይመጣል፤ ባዶው ሲዲ ፎርጅድ ነው፣ ራይተሩ፣ ማለትም ሲዲ የሚጽፈው የኮምፒውተሩ ክፍል፣ ሞቷል፣ ወይም ቴፑ አርጅቷል ይላል። ፍርድ ከምርመራ ሲቀድም ደግሞ ምንም ያልሆነ ራይተር ይለወጣል፣ ደኅና ማጫወቻ ይፈታታል፣ ሙሉ ካርቶን ባዶ ሲዲ ወደ ሻጩ ይመለሳል። እኔ እንደማየው ችግሩ በብዛት የሚፈጠረው ሲዲው መጻፍ ከመጀመሩ በፊት በሚደረግ አንድ ምርጫ ላይ ነው፤ ሲዲ እየጻፉ ገንዘብ የሚቀበሉ ቤቶችም ይህን በቀላሉ ማስቀረት እየቻሉ አላስቀሩትም።

ስልክና ፍላሽ በየኪሱ ባለበት ዘመን ስለ ሲዲ መጻፍ ጊዜው ያለፈበት ነገር የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ለከተማ ወጣት እውነት ነው። ነገር ግን ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ሞላሌና ወደ ዓለም ከተማ ከሚመላለሱት አሮጌ መኪኖች ውስጥ ማጫወቻቸው ፍላሽ የሚሰካበት ቀዳዳ የሌላቸው አሉ። ልጆቻቸው በገዙላቸው ቴፕ የሚጠቀሙ እናቶችና አባቶችም የስልክ ስክሪን ከመዳሰስ ይልቅ አንድ ቁልፍ ተጭነው የሚያዳምጡትን ሲዲ ይመርጣሉ። የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር፣ የሠርግ ዘፈን፣ በካሴት ብቻ የቀረ የበገና ድርደራ፣ ቀረርቶና ፉከራ፣ ከዚያም በላይ በሕይወት የሌለ የቤተሰብ አባል ድምፅ በሲዲ እንዲገለበጥላቸው የሚፈልጉ ሰዎች አሁንም ይመጣሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ፊሊፕስና ሶኒ ደንቡን በጋራ አውጥተው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 ለገበያ ያቀረቡት የድምፅ ሲዲ በውስጡ እኛ ፋይል የምንለውን ነገር አይዝም። ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት በ16 ቢት ይጻፋል፤ ይህም ለግራና ለቀኝ ለየብቻ ሆኖ ከሲዲው መሐል ተነሥቶ ወደ ጠርዙ በሚዞር አንድ ረጅም ጠመዝማዛ መስመር ላይ ይሰፍራል። በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ስንት ዜማ እንዳለና እያንዳንዱ ከየት እንደሚጀምር የሚናገር ማውጫ አለ። ማጫወቻው ሲዲው ሲገባለት መጀመሪያ ያንን ማውጫ ያነባል፣ ከዚያም ቁጥሮቹን በቀጥታ ወደ ድምፅ ይለውጣል። ዳታ ሲዲ ግን ሌላ ነው፤ በእሱ ላይ የሚቀመጡት እንደ ኤምፒ3 ያሉ የታመቁ ፋይሎች ሲሆኑ፣ እነሱን ለመክፈት ማጫወቻው ኤምፒ3 የሚፈታ ክፍል በውስጡ ሊኖረው ይገባል። የቆዩ ቴፖችና የመኪና ማጫወቻዎች ይህ ክፍል የላቸውም። ለእነሱ የኤምፒ3 ሲዲ መስጠት ፊደል ላልቆጠረ ሰው ዳዊት እንደ መዘርጋት ነው፤ ጥቂት አዙረው ሲዲ የለም ብለው ያቆማሉ፣ ወይም ደቂቃው እየቆጠረ ድምፅ ሳይሰጡ ይቀጥላሉ።

ሰው በዚህ የሚሳሳተው ባለማወቁ ብቻ ሳይሆን ዊንዶውስ ራሱ በሚያቀርብለት ጥያቄ ምክንያት ጭምር ነው። ዊንዶውስ 7 ወይም ከእሱ በኋላ የመጣ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ባዶ ሲዲ ከትተው ፋይል ሊገለብጡ ሲሉ፣ ሲዲውን እንደ ፍላሽ ሊጠቀሙበት ነው ወይስ በሲዲና በዲቪዲ ማጫወቻ ላይ ሊያጫውቱት ነው የሚል ምርጫ ይመጣል። ማንም አስተዋይ ሰው «እኔማ በቴፕ ላጫውተው ነው» ብሎ ሁለተኛውን ይመርጣል። የሚገኘው ግን አሁንም ዳታ ሲዲ ነው፤ ልዩነቱ ሲዲው የሚጻፍበት አሠራር ላይ እንጂ ዜማው ወደ ድምፅ ሲዲ መለወጡ ላይ አይደለም። የመጀመሪያውን የመረጠ ሰው ደግሞ የባሰ ይገጥመዋል፤ በዚያ መንገድ የተጻፈውን ሲዲ ኤምፒ3 የሚችሉ ማጫወቻዎች እንኳ ብዙ ጊዜ ሳያነቡት ይቀራሉ። የድምፅ ሲዲ ለመሥራት ፋይሎቹን ወደ ሲዲው መጎተት ትቶ ሙዚቃ መጻፊያ ፕሮግራም መክፈት ግድ ይላል። ዊንዶውስ ሚዲያ ፕሌየር ላይ በርን የሚለውን ክፍል ከፍቶ፣ ከምርጫዎቹ ውስጥ ዳታ ሲዲ የሚለውን ሳይሆን ኦዲዮ ሲዲ የሚለውን ምልክት አድርጎ፣ ዜማዎቹን በፈለጉት ቅደም ተከተል ደርድሮ መጀመር ነው። ኔሮና ሌሎችም ፕሮግራሞች ይህንኑ ልዩነት በየራሳቸው አቀራረብ ያሳያሉ።

አንድ ሲዲ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። ኮምፒውተሩ ውስጥ ከትተው ሲከፍቱት የዜማዎቹ ስም ከነኤምፒ3 መለያቸው ከታየ ዳታ ሲዲ ነው። በአንጻሩ ትራክ 01፣ ትራክ 02 እያሉ የተደረደሩ፣ መለያቸው ሲዲኤ የሆነ፣ መጠናቸውም 44 ባይት ብቻ የሆነ ነገሮች ከታዩ የድምፅ ሲዲ ነው። እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። እነዚያን ትንንሽ ነገሮች ዜማው መስለውት ወደ ፍላሽ ገልብጦ የሚሄድ ሰው ሞልቷል፤ ሲዲው ኮምፒውተሩ ውስጥ እያለ ሲነካቸው ስለሚጫወቱለት ይታለላል፣ ቤቱ ሲደርስ ግን ፍላሹ ባዶ እንደሆነ ይቆጠራል። ዊንዶውስ ዜማው ሲዲው ላይ የሚጀምርበትን ቦታ ለማመልከት የሚያሳያቸው ጠቋሚዎች እንጂ በውስጣቸው ድምፅ የለም። ከድምፅ ሲዲ ላይ ዜማ ወደ ኮምፒውተር ማውጣት የሚፈልግ ሰው በዚያው በሚዲያ ፕሌየር ሪፕ በሚለው ክፍል ወይም በሌላ ተመሳሳይ ፕሮግራም መጠቀም አለበት።

«ሲዲው ላይ 700 ሜጋ ባይት ይላል፤ የእኔ ዜማዎች ተደምረው 300 አይሞሉም፤ ታዲያ ለምን ሞልቷል ይለኛል?» የሚለውም ጥያቄ ከዚሁ ምንጭ የሚቀዳ ነው። የድምፅ ሲዲ የሚለካው በደቂቃ ነው፤ የተለመደው ባዶ ሲዲ 80 ደቂቃ ይይዛል፣ የቀድሞው ደግሞ 74። ፕሮግራሙ ኤምፒ3ውን ሲጽፍ የታመቀውን ፈትቶ ወደ ሙሉ ልኬቱ ስለሚመልሰው፣ አንድ ደቂቃ ድምፅ ከ10 ሜጋ ባይት በላይ ይሆናል። ስለዚህ በኤምፒ3 5 ሜጋ ባይት ያህል የነበረ የአምስት ደቂቃ መዝሙር በድምፅ ሲዲ ላይ አሥር እጥፍ ቦታ ይወስዳል፤ እንዲህ ያሉት 16 ቢሆኑ ሲዲው ይሞላል። ያው ሲዲ በዳታ መልክ ቢጻፍ ግን በተለመደው የ128 ኪሎ ቢት ጥራት የ12 ሰዓት ዜማ ይችላል። ደንበኛው «መቶ መዝሙር ይጫንልኝ» ሲል ሻጩ ዳታ ሲዲ የሚጽፍለት ለዚህ ነው፤ ቴፑ ኤምፒ3 ያነባል ወይ ብሎ ግን አይጠይቀውም። ደንበኛውም ከፍሎ ሄዶ ሲዲው እምቢ ሲለው ባዶው ሲዲ ላይ ይፈርዳል።

ባዶ ዲቪዲ ገዝተው የድምፅ ሲዲ ሊጽፉበት የሚሞክሩም አሉ። መልኩና ስፋቱ አንድ ዓይነት ቢሆንም አይሆንም፤ የሲዲ ማጫወቻ የዲቪዲን መስመር ማንበብ አይችልም፣ ፕሮግራሙም ዲቪዲ ላይ ኦዲዮ ሲዲ አልጽፍም ይላል። በአንጻሩ ደጋግሞ የሚጻፍበት ሲዲ፣ ሲዲ-አርደብልዩ የሚባለው፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለ ምንም ችግር ይጻፋል፣ እዚያው ላይም ይጫወታል፤ በአሮጌ ቴፕ ላይ ግን ይቀራል። ምክንያቱ የሚመልሰው ብርሃን ማነስ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ሲዲ-አር ከሚያርፍበት የሌዘር ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ሲያንጸባርቅ፣ ሲዲ-አርደብልዩ የሚመልሰው ሩብ ያህሉን ወይም ከዚያ ያነሰውን ነው፤ ለፋብሪካ ሲዲ የተሠራ የቆየ ማጫወቻ ዓይን፣ ማለትም ሌዘሩና ሌንሱ፣ ያንን አያየውም። ለቴፕና ለመኪና የሚሆነውን በሲዲ-አር መጻፍ፣ አርደብልዩውን ለኮምፒውተር ሥራ መተው ይበጃል።

ኮምፒውተሩ ላይ የሚጫወት፣ ቴፑ ላይ ግን ጨርሶ የማይታወቅ የድምፅ ሲዲ ሲያጋጥም ደግሞ አለመዘጋቱን እጠረጥራለሁ። ከላይ ያልኩት ማውጫ በመጨረሻ ቅርጹ የሚጻፈው ሲዲው ሲዘጋ፣ በፕሮግራሞቹ ላይ ፋይናላይዝ የሚለው ሲመረጥ ነው። ሌላ ቀን እጨምርበታለሁ ብሎ ክፍት የተተወን ሲዲ የኮምፒውተር ራይተር ያነበዋል፤ ተራ ማጫወቻ ግን ማውጫውን ስለማያገኘው ባዶ ነው ብሎ ያልፈዋል። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ከወር ወር መዝሙር እየጨመሩበት እንዲሄዱ ክፍት የሚተዉት ሲዲ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል፤ መፍትሔውም ሁሉንም መዝሙር ኮምፒውተሩ ላይ አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ጽፎ መዝጋት ነው። ያልተዘጋው ሲዲ አይጣል፤ በጻፈው ራይተርና ፕሮግራም መልሶ መዝጋት ብዙ ጊዜ ይቻላል።

በነገራችን ላይ በየዜማው መካከል የምትገባው የሁለት ሰከንድ ዝምታ ብዙ ሰው ያስቸግራል። ለዘፈን ምንም አይደለችም፤ ሳይቋረጥ ለሚሄድ ማኅሌት፣ ለቅዳሴ ወይም ለበገና ግን ዜማውን በየመሐሉ ትቆርጠዋለች። ይህ የሚሆነው ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ዜማ ለየብቻ፣ ሌዘሩን እያበራና እያጠፋ ሲጽፍ ነው። ዲስክ አት ዋንስ የሚለው አሠራር ሲመረጥ ግን ሙሉው ሲዲ በአንድ ትንፋሽ ይጻፋል፣ ክፍተቱንም ማስቀረት ይቻላል። እንደ እኔ እምነት ለቤተ ክርስቲያን ድምፅ ከዚህ ውጭ ያለው አሠራር አይመጥንም።

ፍጥነትን በተመለከተ በየቤቱ አንድ የተለመደ ምክር አለ፤ «ቀስ ብለህ ጻፈው» የሚል። ምክሩ ግማሽ እውነት ነው። ራይተሩ ላይ 52 የሚል ቁጥር ስላለ ከተለመደው የማጫወት ፍጥነት በ52 እጥፍ መጻፍ፣ በተለይ በርካሽ ባዶ ሲዲ ላይ፣ ስሕተት ያበዛል። በሌላ በኩል ለከፍተኛ ፍጥነት የተሠሩ የዛሬ ሲዲዎች እጅግ ዝቅ ባለ ፍጥነት ሲጻፉ ከመሻሻል ይልቅ የሚብሱበት ጊዜ አለ። እኔ በ8 ወይም በ16 እጥፍ እጽፋለሁ፤ በ16 እጥፍ 80 ደቂቃ የሚሞላ ሲዲ አምስት ደቂቃና መዝጊያው የሚወስደውን ያህል ነው የሚፈጀው። ሰው ሰልፍ ይዞ በሚጠብቅበት ቤት ግን ሁሉም ነገር በከፍተኛው ፍጥነት ይጻፋል። የዚህም ምልክቱ ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ዜማዎች ጥርት ብለው ይጫወቱና የመጨረሻዎቹ ይዘላሉ፣ ወይም ይንተባተባሉ። ሲዲ የሚነበበው ከመሐል ወደ ጠርዝ ስለሆነ መጨረሻው ያለው ጠርዙ ላይ ነው፤ ጠርዙ ደግሞ ጣት የሚነካው፣ ቀለሙ የሚሳሳበትና ሲዲው ሲሽከረከር የሚወዛወዝበት ቦታ ነው። አስፈላጊ ቅጂ ከሆነ 80ውን ደቂቃ ሙሉ በሙሉ ከመሙላት ጥቂት ደቂቃ ባዶ መተው ጥሩ ነው።

በአጻጻፍ መካከል ስለሚቋረጥ ሥራም ማንሣት አለብኝ። ራይተሩ ሲጽፍ ከኮምፒውተሩ የማይቋረጥ የመረጃ ፍሰት ይፈልጋል። የድሮዎቹ ራይተሮች ፍሰቱ ለቅጽበት ከተቋረጠባቸው ሲዲው ይበላሽ ነበር፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተስፋፋው መከላከያ ቆም ብለው ካቆሙበት እንዲቀጥሉ ስላስቻላቸው ችግሩ በእጅጉ ቀንሷል። ቢሆንም ሲዲ እየተጻፈ ፊልም ማየት፣ ቫይረስ ማስፈተሽ ወይም ፋይሉን በቀጥታ ከፍላሽ ላይ መጻፍ አይመከርም፤ ዜማዎቹ መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ይገልበጡ። አሁንም ዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሠራባቸው አሮጌ ዴስክቶፖች ላይ የተለየ ነገር አለ፤ ዊንዶውስ ከራይተሩ ጋር ሲነጋገር ስድስት ጊዜ ስሕተት ካጠራቀመ በራሱ ውሳኔ ፒአይኦ ወደሚባለው ዘገምተኛ አሠራር ይወርዳል፣ ከዚያም ተመልሶ አይወጣም። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ሲዲ ሲገባለት ይፈዛል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ አጻጻፉም ይንቀራፈፋል። የኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚዘረዘሩበት ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ገብቶ፣ ራይተሩ የተገናኘበትን አይዲኢ የሚባል መስመር አንኢንስቶል በሚለው ከዝርዝሩ ሰርዞ ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሣት ወደ ፈጣኑ አሠራር ይመልሰዋል። ይህን ሳያውቁ ደኅና ራይተር አውልቀው የሚጥሉ አሉ።

የመብራት ነገር ለአካባቢያችን ሰው አይነገርም። ሲዲ-አር አንድ ጊዜ የሚጻፍ በመሆኑ መሐል ላይ መብራት ከሄደ ያ ሲዲ አለቀ፤ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ፣ የሌለው ሰው ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ ቢጽፍ ይሻለዋል። የዛሬ ላፕቶፖች ግን በብዛት ራይተር ስለሌላቸው በዩኤስቢ የሚሰካ ራይተር ይገዛል። አንድ የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊ አምፔር ሲሆን፣ ሌዘሩ ለመጻፍ ሲነሣ ከዚህ በላይ የሚጠይቁ ራይተሮች አሉ፤ ማንበቡን አንብበው መጻፍ ሲጀምሩ የሚጠፉት በዚህ የተነሣ ነው። ሁለት መሰኪያ ያለው ገመድ ከራይተሩ ጋር የሚመጣው ለዚሁ ነውና ሁለቱም ይሰኩ።

አንዳንዴ ጥፋቱ ሲዲውም ራይተሩም ጋ ሳይሆን ፋይሉ ጋ ይሆናል። በቴሌግራም የተላከ የድምፅ መልእክት፣ በስልክ የተቀዳ ስብከት ወይም ለቅሶ ላይ የተቀዳ ሙሾ በየራሱ ዓይነት የታመቀ ስለሆነ አንዳንድ መጻፊያ ፕሮግራሞች አይቀበሉትም። የፋይሉን ስም መጨረሻ ወደ ኤምፒ3 መቀየር ምንም አይለውጠውም፤ ፋይሉ በውስጡ ያው ነው። እንደ ኦዳሲቲ ባለ በነፃ በሚገኝ ፕሮግራም ከፍቶ ድምፁ ሳይታመቅ በሚቀመጥበት በዋቭ መልክ፣ በ44,100 ልኬትና በ16 ቢት ማስቀመጥ ነው። አንድ ዜማ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚንተባተብ ከሆነም ሲዲውን ከመወንጀል በፊት ፋይሉን ራሱን ኮምፒውተሩ ላይ ማዳመጥ ነው፤ እዚያም ከተንተባተበ ሲዲው ታማኝ ሆኖ ያንኑ ነው የጻፈው።

ከካሴት ለሚገለብጡ ሰዎች አንድ ነገር ላክል። የቴፑን መውጫ ከኮምፒውተሩ የማይክ ቀዳዳ፣ ሮዝ ቀለም ካለው፣ ጋር ማገናኘት ድምፁን ያሰነጥቀዋል፤ የማይክ ቀዳዳ እጅግ ደካማ ድምፅ ለማጉላት የተሠራ ስለሆነ ከቴፕ የሚመጣው ይበዛበታል፣ ብዙ ጊዜም ግራና ቀኙን አንድ ያደርገዋል። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ሰማያዊው ቀዳዳ ነው ለዚህ የተሠራው። በቅጂው ወቅት የድምፁ ከፍታ ልኬቱን አልፎ ጫፉ ከተቆረጠ በኋላ ማንም ባለሙያ መልሶ አያስተካክለውም፤ ዝቅ አድርጎ ቀድቶ በኋላ ማጉላት ይሻላል። የተቀዳውንም በዋቭ አስቀምጦ መያዝ ይገባል፤ ወደ ኤምፒ3 ለውጦ፣ ሲዲ ጽፎ፣ ከሲዲው መልሶ ወደ ኤምፒ3 የሚያወጣ ሰው በእያንዳንዱ ጊዜ ከድምፁ ላይ እየቀነሰ ነው።

ማጫወቻው ጥፋተኛ የሚሆንባቸው ጊዜያትም በእርግጥ አሉ፤ ማስለያውም ቀላል ነው። ከፋብሪካ የወጣ ደኅና ሲዲ ቴፑ ላይ ይሞከር፤ እሱንም እምቢ ካለ ችግሩ ዓይኑ ነው፣ ማለትም ሌንሱ አቧራ ይዟል ወይም ሌዘሩ ደክሟል። የፋብሪካውን አጫውቶ የተጻፈውን ብቻ እምቢ ካለ፣ የተጻፈው ሌላ ማጫወቻ ላይ ይሞከር። ሁልጊዜ በዚያው ዜማ፣ በዚያችው ደቂቃ ላይ የሚዘል ከሆነ ጥፋቱ ሲዲው ላይ ነው፤ በየጊዜው የተለያየ ቦታ የሚዘል ከሆነ ማጫወቻው ላይ ነው። በኮምፒውተር ላይ ሲዲው እየተሽከረከረ ድምፅ ብቻ ከሌለ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ፤ በአሮጌዎቹ ዴስክቶፖች የሲዲው ድምፅ ከሲዲ ሮሙ ወደ ሳውንድ ካርዱ በምትሄድ ቀጭን ገመድ ያልፍ ስለነበር፣ ያቺ ገመድ ከተነቀለች ሌላው ሁሉ ደኅና ሆኖ ሲዲው ብቻ ዲዳ ይሆናል። በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ዲጂታል የሲዲ ድምፅ የሚለውን መፍቀድ ያለ ገመዷ ያሠራዋል።

የእኛ አገር አየር የራሱ ድርሻ አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱን በመኪና ውስጥ ያደረ ማጫወቻ ጠዋት ላይ በሰው ትንፋሽና በማሞቂያ በድንገት ሲሞቅ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይይዛል። ሾፌሩም ማጫወቻው ተበላሸ ብሎ ይመጣል፤ እኔ ጋ እስኪደርስ ጤዛው ደርቆ ይሠራል። ያው መኪና ጣርማ በርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። በሲዲ-አር ውስጥ ድምፁን የያዘው ሙቀትና ፀሐይ የሚያደክሙት ቀለም ነው፤ የፋብሪካ ሲዲ ግን በማተሚያ ተጨፍልቆ የሚወጣ ስለሆነ የተሻለ ይችላል። መኪናው ፊት ለፊት ላይ፣ ፀሐይ በሚወርድበት መስታወት ሥር የሚከመር የተጻፈ ሲዲ ዕድሜው አጭር ነው።

ስለ አያያዝ ብዙ ተብሏልና በአጭሩ ልለፈው። ሁሉም የሚጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ፊት ነው፤ ይበልጥ የሚጎዳው ግን ጽሑፍ ያለበት ጀርባ ነው፣ ምክንያቱም ብርሃን የሚመልሰው ስስ ሽፋን ያለው ልክ ከዚያ ሥር ነው። በታችኛው ፊት ላይ ያለን ቀላል ጭረት ማጫወቻው በራሱ የስሕተት ማረሚያ ሊያልፈው ይችላል፤ ጀርባው ከተላጠ ግን ድምፁ አብሮ ይሄዳል። በእስክሪብቶ አይጻፍበት፣ የሚለጠፍ ወረቀትም አይለጠፍበት፤ ሲጠረግም ከመሐል ወደ ጠርዝ በቀጥታ እንጂ በክብ አይታሽ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ሲዲ እየጻፉ ለሚሸጡና ለሚያስከፍሉ ቤቶች ነው። በቅድሚያ የምናገረው ሰው የራሱን ድምፅ፣ የቤተሰቡን ወይም የማኅበሩን ቅጂ ስለሚያስጽፍበት ሥራ እንደሆነ ይታወቅልኝ፤ የአርቲስትን ሥራ ያለ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ ነው፣ ለእሱ የምሰጠው የአሠራር ምክር የለኝም። ደንበኛው ሲመጣ በምን ላይ እንደሚያጫውተው ይጠየቅ። በሲዲው ጀርባ ላይ ለሲዲ በተሠራ ማርከር «የድምፅ ሲዲ» ወይም «ኤምፒ3» ተብሎ ይጻፍለት፤ ይህ ምንም ወጪ የለውም። ከሁሉም በላይ ግን በእያንዳንዱ ቤት ጠረጴዛ ላይ አንድ ተራ፣ አሮጌ ሲዲ ማጫወቻ ይቀመጥና የተጻፈው ሲዲ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዜማ ደንበኛው ፊት ይሞከርለት። ሲዲውን በጻፈው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ሞክሮ «ይኸው ይሠራል» ማለት ማረጋገጫ አይሆንም፤ ያ ራይተር ያልተዘጋውንም፣ ዳታውንም፣ አርደብልዩውንም ያነባልና። ደንበኞችም ከመክፈላቸው በፊት ይህን ይጠይቁ፤ ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ ድረስ መጥቶ የማይጫወት ሲዲ ይዞ የተመለሰ ሰው ለማስቀየር የሚያወጣው የመኪና ዋጋ ከሲዲው ይበልጣል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ
ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ